ትውስታ አንጎላችን ውስጥ በትክክል የት ነው ያለው?

ለምንለምን
ሰላም ለሁላችሁ። ከጓደኛዬ ጋር ስንከራከር አመሸን። እሱ «ትውስታ እንደ ኮምፒውተር ፋይል ነው፣ አንጎል ውስጥ የራሱ ቦታ አለው፣ ቦታው ከታወቀ ማውጣትም መሰረዝም ይቻላል» ይላል። እኔ እንደዚያ ቀላል አይመስለኝም። ለምን እንደማይመስለኝ ግን ማስረዳት አቃተኝ።

ጥያቄዬ ይኸው። አንድ ቀዶ ሐኪም ጭንቅላቴን ቢከፍት «ትምህርት ቤት የገባህበት ቀን ይችውልህ» ብሎ በጣቱ የሚያሳየው ነገር አለ? ከሌለ ያ ቀን የት ነው ያለው?

ሌላም አለኝ። ብዙ አዛውንቶች ጠዋት ማን እንደጠየቃቸው ረስተው የልጅነታቸውን ግን ቁልጭ አድርገው ያወራሉ። ሁሉም አንድ ቦታ ቢሆን አንዱ ሄዶ ሌላው እንዴት ይቀራል?

ባጭሩ
ሂፖካምፐስ። አለቀ። ክሩ ይዘጋ።

ጡረተኛው ሐኪም
አትቸኩል ልጄ፣ ገና መጀመሩ ነው። መልስህ ግማሹ ልክ ነው። ሌላው ግማሽ ለምን እንደማያስኬድ ለማየት ከአንድ ሰው ታሪክ ብንነሳ ይሻላል።

ሄንሪ ሞሌይሰን በ1926 አሜሪካ ውስጥ ተወለደ። በሕይወት እስካለ ድረስ የሕክምና ጽሑፎች «ኤች ኤም» እያሉ ብቻ ነበር የሚጠሩት። ከልጅነቱ የሚጥል በሽታ ነበረበት። እያደር መድኃኒት የማይመልሰው ሆነ፤ ሥራም መሥራት ከለከለው። በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ ዊልያም ስኮቪል የተባለ ቀዶ ሐኪም የበሽታው መነሻ ነው ብሎ የጠረጠረውን ክፍል በግራም በቀኝም አወጣለት። ከወጣው ውስጥ አብዛኛው የሂፖካምፐስ ክፍል ይገኝበታል። ሂፖካምፐስ በጆሯችን ትይዩ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በሁለቱም ጎን ያለ የታጠፈ የአንጎል ክፍል ነው።

የሚጥለው ነገር ቀነሰለት። ከዚያ በኋላ ግን አዲስ ነገር መያዝ አቃተው። አሁን የተዋወቀውን ሰው፣ ሰውዬው ወጥቶ ሲመለስ አያውቀውም። ያነበበውን መጽሔት እንደ አዲስ ደግሞ ያነበዋል። እስከሞተበት እስከ 2008 ድረስ እንዲህ ኖረ።

አሁን ልብ በሉ። ወላጆቹን አልረሳም። ቋንቋውን አልረሳም። የማሰብ ችሎታውም አልቀነሰም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የነበሩት ጥቂት ዓመታት ደብዝዘውበታል፤ ከዚያ የራቀው ግን አለ። የድሮው ሁሉ በወጣው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ አብሮ በሄደ ነበር። ቁጥር ነግረኸው በልቡ እየደጋገመ ከቆየም ይይዘዋል። ሐሳቡን ለአፍታ ከሰረቅከው ግን ጠፋ።

በጣም የሚገርመኝ የሚቀጥለው ነው። ብሬንዳ ሚልነር የተባለችው ተመራማሪ የኮከብ ሥዕል አቀረበችለት። እጁን በቀጥታ ሳያይ፣ በመስተዋት ብቻ እየተመለከተ፣ የኮከቡን ጠርዝ በእርሳስ መከተል ነበረበት። ማንም ሰው መጀመሪያ ላይ ይደናበራል። ሄንሪም ተደናበረ። በ3 ቀን ውስጥ ግን እጁ እየሰላ ሄደ። ሥራውን ከዚያ በፊት ሠርቶት እንደሚያውቅ ግን ትዝ አይለውም። እጁ ተማረ፤ እሱ መማሩን አያውቅም።

ስለዚህ መጀመሪያ «የትኛው ትውስታ?» ብለን እንጠይቅ።

ባጭሩ
ዶክተር፣ የእጁ ትምህርት ታዲያ የት ገባ? በአጭሩ ይንገሩን።

ጡረተኛው ሐኪም
በአጭሩማ፦ ልማድና የእጅ ቅልጥፍና በአብዛኛው በባዛል ጋንግሊያ እና በኋላ በኩል ባለው ትንሹ አንጎል ላይ ይደገፋሉ። የፍርሃት ትምህርት አሚግዳላ የሚባለውን የአንጎል ክፍል ይፈልጋል። ስልክ ቁጥር እስክትጽፍ ድረስ በሐሳብህ የምትይዘው ከግንባርህ ጀርባ ባለው ክፍል እየታገዘ ነው። ሂፖካምፐስ የሚያስፈልገው «እዚህ ቦታ፣ በዚህ ጊዜ፣ ይህ ሆነ» ለሚባለው ዓይነት ነው። ትምህርት ቤት የገባህበት ቀን የዚህ ወገን ነው።

ለምንለምን
አመሰግናለሁ ዶክተር። ይሄ ግን ጥያቄዬን ወደ ሌላ ቦታ ገፋው። የሄንሪ ልጅነት ሂፖካምፐስ ውስጥ ካልነበረ የት ነበር?

ቤተሙከራ
የነርቭ ሳይንስ ተማሪ ነኝ፣ ይህን ልሞክረው።

ካርል ላሽሊ የተባለ አሜሪካዊ ልክ እንደ ጓደኛህ ቦታውን ፈልጎ ብዙ ዓመት ደክሟል። አይጦችን የተጠላለፈ መንገድ ያስተምራል። ከዚያ ከላይኛው የአንጎል ሽፋን፣ ከኮርቴክስ፣ አንዱን ቁራጭ ያነሳል። አንዱ ላይ ከፊት፣ ሌላው ላይ ከኋላ። ያቺን የተማሩባትን ነጥብ ስቆርጥ መንገዱን ይረሳሉ ብሎ ነበር። አልሆነም። ጉዳቱን የወሰነው በአብዛኛው የተቆረጠው መጠን ሆነ እንጂ ቦታው አይደለም። በ1950 ልፋቱን ሁሉ ሲያጠቃልል ግማሽ በቀልድ፣ ማስረጃውን ሳየው መማር ጨርሶ የማይቻል ነገር ነው ያሰኘኛል ብሎ ጻፈ።

ዛሬ ዞር ብለን ስናየው ያን ያህል አይደንቅም። አይጧ መንገዱን የምታውቀው በዓይኗም፣ በአፍንጫዋም፣ በጺሟም፣ በእግሯም ነው። አንዱን ስትነሳት በሌላው ትሄዳለች።

ያንተም የትምህርት ቤት ቀን እንደዚያው ነው። የመምህርህ ፊት ፊትን በሚለዩት ሴሎች ላይ ነው። የደወሉ ድምፅ ድምፅ በሚሰማው ክፍል፣ የሆድህ ፍርሃት ደግሞ በሌላ። ለትውስታ ተብሎ ለብቻው የተከለለ ኮርቴክስ የለም። መጀመሪያ ያዩትና የሰሙት ክፍሎች ራሳቸው ናቸው ስታስታውስ እንደገና የሚነሱት። ሂፖካምፐስ እነዚህ ሁሉ በዚያች ቅጽበት አብረው እንደነበሩ ይይዛል፤ አንዱ ሲነሳ ሌሎቹንም ይጠራቸዋል። ከጊዜ በኋላ ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው ስለሚተሳሰሩ ጥሪው እየቀነሰ ይሄዳል የሚል አስተሳሰብ አለ። ያ እውነት ከሆነ ሁለተኛው ጥያቄህ ተመለሰ። አዲሱ ገና ሂፖካምፐስን ይፈልጋል፤ የቆየው ብዙም አይፈልግም። ቴዎዱል ሪቦ የተባለ ፈረንሳዊ በ1881 ነው ይህን የጻፈው። በበሽታ ጊዜ አዲሱ ቀድሞ ይሄዳል፣ የድሮው ይቆያል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሄንሪ ስለ ልጅነቱ ያውቅ ነበር ስንል ጠቅላላውን ነው። አንድን ቀን ነጥሎ ከነዝርዝሩ መተረክ ይቸግረው ነበር። በዚህ ምክንያት ናዴል እና ሞስኮቪች በ1997 ሌላ ሐሳብ አመጡ፦ የአንድ ቀን ሕያው ዝርዝር ምንጊዜም ሂፖካምፐስን ይፈልጋል፣ ነጻ የሚወጣው ፍሬ ነገሩ ብቻ ነው። እኔ ወደዚህኛው አዘነብላለሁ።

አላምንም
ይቅርታ አድርጉልኝና «በየቦታው ተበትኗል» ማለት «አናውቅም» የሚለው በጨዋ ቋንቋ አይደለም? እስካሁን የተወራው ይህ ሲቆረጥ ያ ይጠፋል ነው። የመኪናን ባትሪ ብነቅል ሬዲዮው ይዘጋል። ዘፈኑ ባትሪው ውስጥ ነበር ማለት ነው? ትውስታን ራሱን ይዞ ያሳየ ሰው አለ ወይ?

ቤተሙከራ
አለ። በአይጥ።

በ2012 ኤም አይ ቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ በሱሱሙ ቶኔጋዋ ቤተ ሙከራ፣ ሹ ሊዩ እና ስቲቭ ራሚሬዝ የሠሩትን ልንገርህ። አይጧ በዘረ መል ትዘጋጃለች። አንድ ነገር ስትማር ያን ሰዓት የሠሩት ሴሎች ብቻ ለብርሃን መልስ የሚሰጥ ፕሮቲን ያመርታሉ። ፕሮቲኑ የመጣው ከአልጌ ነው። አይጧን ሳጥን ውስጥ አስገብተው እግሯን በኤሌክትሪክ ቆንጠጥ አደረጓት። በዚያች ሰዓት ሂፖካምፐሷ ውስጥ የሠሩት ጥቂት ሴሎች ምልክት ተደረገባቸው። ቀጥሎ ፈጽሞ ወደማይመሳሰል ሌላ ሳጥን ወሰዷት። እዚያ ምንም አልደረሰባትም፣ ዘና ብላ ትዞራለች። በቀጭን የመስታወት ክር ብርሃን ወደ እነዚያ ሴሎች ሲላክ ቀጥ ብላ ደረቀች። አይጥ ስትፈራ የምታደርገው እሱን ነው። መብራቱ ሲጠፋ መዞሯን ቀጠለች።

አላምንም
ጭንቅላቷ ውስጥ መብራት ስታበሩባት ብትደነግጥ ምን ይገርማል?

ቤተሙከራ
ይህን እነሱም አስበውበታል። ምንም ባልደረሰባት ሳጥን ውስጥ የሠሩት ሴሎች ምልክት የተደረገባቸው አይጥ ብርሃኑ ሲመጣ አልደረቀችም። ልዩነቱ ብርሃኑ አይደለም፤ የትኞቹ ሴሎች እንደተነሱ ነው።

በ2013 ደግሞ ጉዱን አባባሱት። የሰላማዊውን ሳጥን ሴሎች ምልክት አደረጉ። አይጧን ሌላ ሳጥን ውስጥ እየቆነጠጡ በዚያው ሰዓት የመጀመሪያውን ሳጥን ሴሎች በብርሃን ቀሰቀሱ። ወደ መጀመሪያው ሲመልሷት ፈራች። እዚያ ተቆንጥጣ አታውቅም! ያልሆነ ነገር ትውስታ ተተከለባት።

በተቃራኒውም ተሠርቷል። በ2009 ቶሮንቶ ውስጥ በሺና ጆስሊን ቤተ ሙከራ፣ አንድን የፍርሃት ትምህርት ለመያዝ የተመረጡ የአሚግዳላ ሴሎችን ብቻ ለይተው ገደሉ። የተማሩት ፍርሃት ጠፋ። አይጦቹ ግን አዲስ ፍርሃት መማር ይችሉ ነበር። ይህ ከባትሪህ ምሳሌ ጋር አይሄድም ወንድሜ። ባትሪው ቢነቀል አዲስ ጣቢያም አይሰማም ነበር።

አላምንም
እሺ፣ ይህ ይሻላል። በአይጥ ነው፣ በፍርሃት ነው፤ ግን ይሻላል።

ልብስብር
አንድ ጥያቄ ለወዳጄ ነው 😅 በዚህ መንገድ የቀድሞ ፍቅረኛን ማጥፋት ይቻላል?

ካልሲየም
ዘረ መልህን ቀይረው አንጎልህ ውስጥ የመስታወት ክር ካልቀበሩ በዚያኛው መንገድ አይሆንም። ግን ጥያቄው ሞኝ አይደለም፣ በሌላ መንገድ ተሞክሯል።

በ2000 ካሪም ናደር ከባልደረቦቹ ጋር ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ሙከራ ሠራ። አይጦች አንድን ድምፅ ከኤሌክትሪክ ቁንጥጫ ጋር አያይዘው ተማሩ። በማግስቱ ድምፁን አሰማቸውና ወዲያው ፕሮቲን መሥራትን የሚያግድ መድኃኒት አሚግዳላቸው ውስጥ ጨመረ። ከዚያ በኋላ ድምፁን ሲሰሙ ፍርሃታቸው በጣም ወረደ። ድምፁን ሳያሰማ መድኃኒቱን ብቻ ሲሰጥ ግን ትውስታው አልተነካም። ትውስታ ስትጠራው ለጥቂት ሰዓት ይለሰልሳል፤ ተመልሶ ለመጠንከር እንደገና ፕሮቲን ይፈልጋል ማለት ነው።

በሰው ላይ ከጭንቀት ትውስታ ጋር ፕሮፕራኖሎል የተባለ የልብ መድኃኒት ተሞክሯል። አንዳንድ ጥናት ረድቷል ይላል፣ ሌላው ምንም ለውጥ አላየም። ቢሠራም የሚያለሰልሰው ስሜቱን ነው እንጂ ሰውዬውን አያስረሳህም። ስለዚህ ለወዳጅህ አይዞህ በለው።

ለምንለምን
ሴሎቹ ተመርጠው «ያዙት» ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው? ሴሉ ላይ ምን ይለወጣል?

ካልሲየም
ይህን እጠብቅ ነበር፣ የተጠቃሚ ስሜም ከዚህ ነው የመጣው።

አንጎላችን ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች አሉ። እያንዳንዱ ከብዙ ሺህ ሌሎች ጋር ይገናኛል። የመገናኛዋ ነጥብ ሲናፕስ ትባላለች። ካናዳዊው ዶናልድ ሄብ በ1949 አንድ ግምት አስቀመጠ። አንዱ ሴል ሌላውን በማንቃት ውስጥ ደጋግሞ ከተካፈለ በመካከላቸው ያለው ግንኙነት ይጠነክራል አለ። ያኔ ማስረጃ አልነበረውም። በ1966 ኦስሎ ውስጥ ቴርየ ሎሞ በጥንቸል ሂፖካምፐስ ላይ አየው። በ1973 ከቲም ብሊስ ጋር በዝርዝር አሳተሙት። ነርቩን ለአጭር ጊዜ በፍጥነት ደጋግመህ ካነቃኸው ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ተራ መልእክት የሚሰጠው መልስ ለሰዓታት ከፍ ብሎ ይቆያል።

ምሥጢሩ ያለው ኤንኤምዲኤ በሚባል በር ላይ ነው። በሩ የሚከፈተው ሁለት ነገር ሲገጣጠም ነው። አንደኛ፣ ላኪው ሴል ግሉታሜት የሚባል ኬሚካል መላክ አለበት። ሁለተኛ፣ ተቀባዩ ሴል ራሱ ነቅቶ መገኘት አለበት። ካልነቃ ማግኒዥየም በሩን ደፍኖ ይቀመጣል። ሁለቱም ሲሟሉ ማግኒዥየሙ ይወጣል፣ ካልሲየም ይገባል። ካልሲየም ሲገባ ተቀባዩ ሴል በመገናኛዋ ላይ ተጨማሪ መቀበያዎችን ያወጣል። ከዚያ በኋላ ያው መልእክት በርታ ብሎ ይሰማዋል። ሄብ በወረቀት ላይ ያሰበውን አንድ ሞለኪውል ሲሠራው ታገኛለህ። እኔ ስለዚህ ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል። ሪቻርድ ሞሪስ በ1986 ይህን በር በመድኃኒት ሲዘጋ አይጦች ውኃ ውስጥ የተደበቀ መቆሚያ ያለበትን ቦታ መማር አቃታቸው።

ይህ ግን የሰዓታት ጉዳይ ነው። ለዓመታት እንዲቆይ ዘረ መል መነሳትና አዲስ ፕሮቲን መሠራት አለበት። ኤሪክ ካንደል ይህን ያሳየው አፕሊዥያ በምትባል የባሕር ቀንድ አውጣ ላይ ነው። ጠቅላላ የነርቭ ሴሎቿ 20,000 ገደማ ስለሆኑ መከታተል ይቀላል። አንዴ በኤሌክትሪክ ስትቆነጥጣት ያሉት መገናኛዎች ለጊዜው ይጠነክራሉ። እረፍት እየሰጠህ ደጋግመህ ስትቆነጥጣት ግን አዳዲስ መገናኛዎች ይበቅላሉ። በ2000 ኖቤል ያገኘው በዚህ ነው።

ባጭሩ
እረፍት እየሰጡ መደጋገም። ቀንድ አውጣዋ እንኳ ገብቷታል፣ እኛ ለፈተና በአንድ ሌሊት እንፈጃለን።

ፈተና ደረሰ
ስለ ፈተና ከተነሳ እኔም ልግባ። ሌሊቱን ማንበብ ይሻላል ወይስ መተኛት? መልሱን ቶሎ ፈልጌው ነው 🙏

ቤተሙከራ
ተኚ እህቴ። ዊልሰን እና ማክናውተን በ1994 የአይጥ ሂፖካምፐስ ሴሎችን ሲቀዱ፣ ቀን ላይ መንገድ ሲሄዱ አብረው የሠሩት ሴሎች እንቅልፍ ላይም አብረው ሲሠሩ አገኙ። ቀን የገባው ሌሊት ይደገማል። ድግግሞሹን ያቋረጡ ተመራማሪዎች አይጦቹ ትምህርታቸውን በደንብ እንዳልያዙ አይተዋል።

ሌላ ደግሞ ደጋግመሽ ከማንበብ ደብተሩን ዘግተሽ ራስሽን ጠይቂ። ሮዲገር እና ካርፒክ በ2006 ሞክረውታል። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። ፈተናሽ ከ5 ደቂቃ በኋላ ካልሆነ የቱን እንደምትመርጪ ታውቂያለሽ።

አላምንም
ወደ ካልሲየም ልመለስ። ነገሩ ያምራል፣ ቀዳዳ ግን አለው። ፕሮቲን አርጅቶ ይፈርሳል። አብዛኛው የአንጎል ፕሮቲን በቀናትና በሳምንታት ይተካል። የአዛውንት የልጅነት ትውስታ 70 ዓመት ይቆያል። የተሠራበት ዕቃ በየጊዜው የሚቀየር ነገር እንዴት ሳይቀየር ይኖራል?

ካልሲየም
ጥሩ አድርገህ ነካኸው። ፍራንሲስ ክሪክ፣ የዲኤንኤውን ቅርጽ ካገኙት አንዱ፣ በ1984 ይህንኑ ጥያቄ በጽሑፍ አንስቷል። ሞለኪውሎቹ ተራ በተራ እየተተኩ ሁኔታው ራሱ የሚጠበቅበት መንገድ መኖር አለበት ብሎ ነበር። በ2024 የወጣ የአይጥ ጥናት ወደዚያ የሚጠጋ ነገር አሳይቷል። ኪብራ የሚባል ፕሮቲን የጠነከሩትን መገናኛዎች ይዞ ይቆያል፤ ፒኬኤም ዜታ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ከእሱ ጋር ይጣበቃል። የሁለቱ ትስስር በመድኃኒት ሲፈታ የቆየ ትውስታ ጠፋ። አሮጌው ሲፈርስ አዲሱ እዚያው ቦታ ይገባል የሚል ነው ሐሳቡ።

ቤተሙከራ
ካልሲየም፣ እዚህ ላይ አልስማማም። የመገናኛ ጥንካሬ ራሱ ትውስታው መሆኑ አልተረጋገጠም። በ2015 ቶማስ ራያን ከቶኔጋዋ ቡድን ጋር ምን እንዳገኘ ታውቃለህ። አይጦቹ ከተማሩ በኋላ ወዲያው ፕሮቲን ማገጃ ተሰጣቸው። በማግስቱ ሳጥኑ ውስጥ ሲገቡ አልፈሩም። ረስተዋል። ምልክት የተደረገባቸው ሴሎች መገናኛም አልጠነከረም። ግን እነዚያኑ ሴሎች በብርሃን ሲያነሷቸው አይጦቹ ደረቁ! ጠፋ የተባለው ትውስታ ነበረ። ስለዚህ ይዘቱ ያለው የትኛው ሴል ከየትኛው ጋር ተያይዟል በሚለው ውስጥ ነው። ጥንካሬው የሚያስፈልገው በተፈጥሮ መንገድ ለማስነሳት ነው።

ካልሲየም
የአንድ ሁለት ቀን ትውስታ ነው ያዩት። «ተያይዟል» ስትዪም የሚያያይዘው ያው ሲናፕስ ነው። ጥንካሬው ዜሮ የሆነ ማያያዣ ማያያዣ ነው እንዴ?

ቤተሙከራ
ዜሮ አላልኩም፤ አልጨመረም ነው ያልኩት። ሁለቱ ይለያያሉ።

ባጭሩ
ሁለታችሁ ተያይዛችኋል፣ ጥንካሬውንም እያየን ነው።

የሌሊት ተረኛ
እኔ ተመራማሪ አይደለሁም፤ የመርሳት በሽታ ያለባቸውን አረጋውያን የምንከባከብ ነርስ ነኝ። ይህን ሁሉ ሳነብ የማያቸው ሰዎች ፊቴ ላይ እየመጡ ነው። አልዛይመር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ዶክተር በነገሩን በሂፖካምፐስና ወደ እሱ በምታስገባው አጎራባች ክፍል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሄደው የዛሬው ነው። የልጃቸውን ስም ያጡ እናት ልብስ ስሰጣቸው ጥርት አድርገው ያጥፋሉ። ዝም ብለው የሰነበቱ ሰው የወጣትነታቸው ዘፈን ሲከፈት ግጥሙን እስከ መጨረሻው ይዘልቁታል።

ከዚህ የከፋ ስለገጠመው ሰው አንብቤያለሁ። ክላይቭ ዌሪንግ እንግሊዛዊ የሙዚቃ ሰው ነው። በ1985 ሄርፒስ ቫይረስ አንጎሉን አጠቃው። ከዚያ በኋላ ትውስታው ከጥቂት ሰከንድ አያልፍም። ባለቤቱ ከክፍሉ ወጥታ ስትገባ ከዓመታት በኋላ እንዳገኛት ይቀበላታል። ፒያኖ ላይ ሲቀመጥ ግን ይጫወታል።

ቤተሰቦችን አንድ ነገር እለምናለሁ። «እኔ ማነኝ? አወቅሽኝ?» እያላችሁ አትፈትኗቸው። ስማችሁን ነግራችሁ ግቡ። «ለምን እመጣለሁ፣ ይረሱታል» የሚሉ አሉ። በ2010 አሜሪካ፣ አይዋ ውስጥ ሂፖካምፐሳቸው የተጎዳ ሰዎችን የሚያሳዝን ፊልም አሳዩአቸው። ፊልሙን ወዲያው ረሱት። ሐዘኑ ግን አብሯቸው ቆየ። ደስታውም እንዲሁ። በ2014 በአልዛይመር ሕሙማን ላይ ሲደገም ተመሳሳይ ነገር ታየ። ያያችኋቸው ሰዓት ከስሜታቸው ላይ ቶሎ አይጠፋም።

ጡረተኛው ሐኪም
እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ይህን ለስንት ቤተሰብ ስነግር ኖሬያለሁ። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የሚረሳ ሁሉ አልዛይመር የለበትም። የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድባቴ፣ አንዳንድ የእንቅልፍ መድኃኒቶች ሁሉ ያስረሳሉ፤ ሊታከሙም ይችላሉ። ሳያስመረምሩ «ዕድሜ ነው» ብሎ መተው ደግ አይደለም።

ልብስብር
አንጎላችንን የምንጠቀመው 10 በመቶውን ብቻ ነው ይባላል። ትውስታው ቀሪው 90 ውስጥ ይሆን?

ካልሲየም
የለም። 10 በመቶው ተረት ነው። ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትቶ የሚውል ክፍል የለም። «የአንጎል አቅም ይህን ያህል ጊጋባይት ነው» የሚሉትንም እለፋቸው። መገናኛዎችን ቆጥሮ ወደ ባይት መቀየር እንደ ሒሳብ ይሠራል፤ ትውስታ እንዴት እንደተጻፈ ሳናውቅ ግን ቁጥሩ ብዙ አይነግረንም።

ለምንለምን
ጓደኛዬ ክሩን እያነበበ ነው፣ አልተረታም። «ትውስታ እንዲህ የሚቀያየር ከሆነ እኔ አንዳንድ ቀኖችን እንደ ቪዲዮ ለምን ጥርት አድርጌ አስታውሳለሁ?» ይላል። ትልቅ ዜና የሰማበትን ቦታ፣ የለበሰውን ልብስ ሳይቀር።

ቤተሙከራ
ጥርት ማለቱና ልክ መሆኑ የተለያዩ ናቸው። ጥር 28 ቀን 1986፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ቻሌንጀር የተባለችው መንኩራኩር ፈነዳች። አልሪክ ናይሰር በማግስቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ዜናውን የትና እንዴት እንደሰሙ አጻፋቸው። ከ2 ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ 44ቱን መልሶ ጠየቃቸው። ከእነሱ 11ዱ አንድም ዋና ነገር አልገጠመላቸውም። ብዙዎቹ ግን እርግጠኛ ነበሩ። የራሳቸውን የእጅ ጽሑፍ ሲያዩም የድሮው ትውስታ አልተመለሰላቸውም።

ምክንያቱን ካልሲየም ከላይ ጽፎታል። ትውስታ በተጠራ ቁጥር ይለሰልሳል፣ እንደገና ይጠነክራል። በመሃል የሰማኸው ወሬ ሊገባበት ይችላል። ብዙ ጊዜ ያወራኸው ታሪክ ብዙ ጊዜ የተነካ ታሪክ ነው። ጓደኛህ በማግስቱ የጻፈው ነገር ካለ አውጥቶ ያስተያየው።

ለምንለምን
«የጻፍኩት የለም» አለ። ዝም ብሏል አሁን 😄 የመጨረሻ ጥያቄ ልጨምር። ከ3 ዓመት ዕድሜ በፊት የነበረውን ለምን አናስታውስም? መጀመሪያውኑ አልተመዘገበም ወይስ ተመዝግቦ ጠፋ?

ቤተሙከራ
ለረጅም ጊዜ የሕፃን ሂፖካምፐስ ስላልበሰለ አይመዘግብም ይባል ነበር። በ2025 የወጣ ጥናት ይህን አናግቶታል። ነቅተው ያሉ ሕፃናትን የአንጎል መቃኛ ውስጥ አስገብተው ሥዕሎች አሳዩአቸው። ሥዕሉን ሲያዩ ሂፖካምፐሳቸው በርትቶ ከሠራ፣ ቆይቶ ያው ሥዕል ሲመጣ የበለጠ ያተኩሩበታል። ይህ በተለይ ከ1 ዓመት በላይ ባሉት ላይ ታየ። እየመዘገቡ ነው።

ታዲያ የት ሄደ? በአይጥ አንድ ፍንጭ አለ። በሕፃንነት ሂፖካምፐስ ውስጥ አዳዲስ የነርቭ ሴሎች በብዛት ይወለዳሉ። እነሱ ገብተው ሲያያዙ የድሮውን ሽቦ ያናጋሉ። በ2014 ቶሮንቶ ውስጥ ይህን መወለድ ሲቀንሱት የአይጥ ግልገሎች ትውስታ ረዘም አለ። በ2018 እዚያው፣ በሕፃንነት የተማሩትንና ካደጉ በኋላ የረሱትን ነገር የያዙ ሴሎች በብርሃን አነሷቸው። ትውስታው ተመለሰ።

አላምንም
ማለትም ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ያለውም ጭምር አሁን ጭንቅላቱ ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ መጥሪያው ብቻ ነው የጠፋው?

ቤተሙከራ
በአይጧ እንደዚያ ነው። በሰው ላይ የዚያ ዓይነት ሙከራ አይፈቀድም፣ ስለዚህ መጥሪያው ጠፋ ወይስ ይዘቱ የሚለውን ለመለየት የቀረን መንገድ ሕፃናቱን ዓመት በዓመት እየተከተሉ መቃኘት ነው።

አላምንም
እሱን ሲያትሙ እዚሁ ለጥፊልኝ። የናሙናውን ብዛት መጀመሪያ አያለሁ።